ለአዳኝና ለጠባቂ ውሻ የማሠልጠኛና የማደሪያ ዕቃ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወሎ ደጋም ሆነ ቆላ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው ተደርድረው ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

ቡችላ ልይዝ ነው፤ በመጀመሪያ ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ልኩ የሚሰፋና የሚጠብ የአንገት ቀበቶ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ፣ በቀላሉ የማይገለበጥ ከባድ የውሃ ሳህን፣ ከነፋስና ከእርጥበት የተጠበቀ ማደሪያ እና አንድ ፊሽካ። ሌላው ሁሉ ውሻው አድጎ የሚሰማራበት ሥራ ከተለየ በኋላ የሚገዛ ነው።

ሥራው አስቀድሞ ይለይ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከበግ ጋር ውሎ ከበግ ጋር የሚያድር ውሻ ገመድ የሚያየው አልፎ አልፎ ስለሆነ ዋናው ወጪው ማደሪያው ነው፤ በማሽላ ማሳ ዳር ሌሊት ጃርት የሚያባርር ውሻ ከሩቅ ሰምቶ የሚመለስበት ፊሽካና የት እንዳለ የሚያስታውቅ ቃጭል ይፈልጋል፤ ሽታ ተከትሎ እንዲፈልግና ዕቃ እንዲያመጣ የሚሠለጥን ውሻ ደግሞ ረጅም ገመድና የሚወረወር መለማመጃ ከሌለው ሥልጠናው አይጀመርም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ለውሻህ ምን ልላክልህ?» ሲላቸው «ያገኘኸውን» ብለው የሚመልሱ ሰዎች እጃቸው ላይ የሚቀረው ክንድ ለማይሞላ ውሻ የተሠራ ባለ አበባ ሹራብ ነው።

ቀበቶው ከቆዳ ይሁን ወይስ ከናይለን? ልኩስ እንዴት ይታወቃል?

ከተሠራበት ነገር ይልቅ ልኩ ይበልጣል። ቀበቶው ከታሰረ በኋላ በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ጎን ለጎን ያለ ችግር መግባት አለበት፤ ከዚያ ከጠበቀ ያንቃል፣ ከዚያ ከላላ ደግሞ ውሻው ወደ ኋላ በሚጎትትበት ጊዜ በጆሮው በኩል ሾልኮ ይወልቃል። ቡችላ በፍጥነት ስለሚያድግ እስከ ሰባት ስምንት ወሩ ድረስ ልኩን በየሳምንቱ በጣት መፈተሽ ያስፈልጋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ተምሬ ነው። «መከታ» የተባለ ቡችላዬን በሦስት ወሩ በቀጭን የናይለን ገመድ አስሬው ነበር፤ ጸጉሩ ረጅም ስለነበር ገመዱ ከውጭ አይታይም፣ እኔም ገልጬ አላየሁትም። አንድ ቀን ጠዋት አንገቱን ሳሻሸው መጥፎ ሽታ እጄ ላይ ቀረ፤ ጸጉሩን ገለጥ ባደርገው ገመዱ ቆዳውን በጥሶ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። የእንስሳት ሐኪሙ በመቀስ ጫፍ ክር በክር እየቆረጠ አወጣለት። መከታ ድኖ ብዙ ዓመት ኖረ፤ አንገቱን የዞረው ጸጉር የማያበቅል መስመር ግን እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ በማደግ ላይ ላለ ቡችላ ሰፋ ያለ የናይለን ቀበቶ፣ ላደገ ውሻ ደግሞ ከሦስት ጣት የማይበልጥ ስፋት ያለው ወፍራም የቆዳ ቀበቶ እመርጣለሁ። ናይለን ይታጠባል፣ ዝናብም አይጎዳውም፤ ጠርዙ ግን ሲያረጅ ይሻክርና ይከረክራል። ቆዳ ከውሻው አንገት ጋር እየተላመደ ይለሰልሳል፤ ጉዳቱ በክረምት ካልደረቀ መሻገቱ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ሰም ቀብቶ ማሸት ይረዳል። ሞራ የሚቀባ ሰው ግን ቀበቶውን ለውሻው ቀለበው ማለት ነው፤ ሲነጋ የሚያገኘው ዘለበቱን ብቻ ነው። ለበቅሎ ልጓምና ለጭነት ጠፍር የሚሠራ ባለሙያ በአቅራቢያ ካለ፣ የውሻውን አንገት በክር ለክቶ ክሩን ይዞ መሄድ ከማንኛውም ሱቅ የተሻለ ቀበቶ ያስገኛል። ባለሙያው ቀለበቱን በስፌት ብቻ ሳይሆን በብስማርም እንዲያጠብቀው፣ ቀለበቱም ጫፉ የተበየደ እንዲሆን ይንገሩት፤ ያልተበየደ ቀለበት ውሻው በኃይል ሲጎትት ይከፈታል።

የማሠልጠኛ ገመድ ምን ያህል ይርዘም?

ሁለት ዓይነት ገመድ ያስፈልጋል። አንደኛው ለመንገድ የሚሆን አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው «ና» ሲባል መምጣትን ለማስተማር ሜዳ ላይ የሚዘረጋ ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ነው። የረጅሙ ገመድ መጨረሻ ቋጠሮ ወይም መያዣ ሊኖረው አይገባም፤ ምክንያቱም በቁጥቋጦና በድንጋይ መካከል የሚይዘው ያ ቋጠሮ ነው። ውሻው በሙሉ ሩጫ ሄዶ ገመዱ ሲያልቅበት አንገቱ እንዳይጎዳ፣ ረጅሙን ገመድ በአንገት ቀበቶ ላይ ሳይሆን በደረቱ ዙሪያ በሚታሰር ማሰሪያ ላይ ማያያዝ ይሻላል።

የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ቀጭን ናይለን ደግሞ በእጅ መካከል ሲሮጥ መዳፍ ያቃጥላል። ያም ሆነ ይህ ገመዱን በእጅ ላይ ጠምጥሞ መያዝ ጣት ያስሰብራል። በሰንሰለት ማሠልጠን ግን ጨርሶ አይመከርም፤ ክብደቱ ውሻው ሁልጊዜ እንደተያዘ ስለሚያሳስበው፣ ሰንሰለቱ በወለቀ ቀን የተማረው ሁሉ አብሮ ይወልቃል።

በስሙ ስጠራው ይመጣል፤ ፊሽካ ለምን አስፈለገኝ?

ጓሮ ውስጥ አያስፈልግም። ሸለቆ ማዶ ሲሄድ ግን የሰው ድምፅ ርቀት አይችልም፤ በተጨማሪም የሰው ድምፅ ቁጣን፣ ፍርሃትንና ድካምን ይዞ ይወጣል፣ ውሻም ይህን ስለሚለይ የተቆጣ ጌታውን ሲሰማ ከመምጣት ይልቅ መዘግየትን ይመርጣል። ፊሽካ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። የተለመደው ስምምነት አንድ ረጅም ፉጨት «ቁም» ወይም «ተቀመጥ»፣ ተከታታይ አጫጭር ፉጨት ደግሞ «ና» ማለት ነው።

ለውሻ ሥልጠና ተብለው የሚሠሩ እንደ አክሜ ያሉ የፕላስቲክ ፊሽካዎች ቁጥር አላቸው፤ አንድ ቁጥር ያላቸው ፊሽካዎች ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይተካል። የኳስ ዳኛ ፊሽካ ውስጡ ያለችው እንክብል በምራቅና በአቧራ ትያዛለች፤ ከዚያም የከፋው በትምህርት ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ውሻ የስፖርት መምህሩን ፊሽካ በሰማ ቁጥር አጥር ዘልሎ መሄዱ ነው። «ድምፅ አልባ» ስለሚባለው ፊሽካ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ፣ የውሻ ጆሮ ደግሞ ከ40,000 ኸርዝ በላይ ስለሚሰማ ፊሽካው ማታለያ አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ በደንብ የማይሰማው ፊሽካ የድምፁ ቅኝት ቢዛባ ማወቅ አይቻልም። ለጀማሪ የሚሰማውን እመክራለሁ።

ዕቃ ማምጣትን ለማስተማር ምን ልወርውርለት?

ከሸራ የተሰፋ፣ ውስጡ ጨርቅ የተሞላ፣ ስንዝር ከጋት የሚሆን ድብልብል መለማመጃ በቤት ይሠራል። ክብደቱ ለቡችላ ሩብ ኪሎ፣ ላደገ ውሻ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆን ይበቃል። ድንጋይ ጥርስ ይሰብራል፤ እንጨት ተሰንጥቆ አፍና ጉሮሮ ይወጋል። ቡችላ ከአራት እስከ ስድስት ወሩ ጥርስ ስለሚቀይር በዚያ ጊዜ ጠንካራ ነገር ማስነከስ አይገባም።

አሮጌ ጫማ ሰጥቶ ማለማመድ ትልቅ ስሕተት ነው። ውሻ አሮጌ ጫማንና አዲስ ጫማን አይለይም፤ በመስጊድ በር ወይም በለቅሶ ቤት ደጃፍ የተደረደረ ጫማ ይዞ ሲመጣም የተማረውን በታዛዥነት መፈጸሙ ስለሆነ ሊቀጣ አይችልም። መለማመጃው ከሥልጠና ውጭ ውሻው በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ከተጣለለት ለእሱ መጫወቻ ብቻ ይሆናል።

የውሻው ቤት ስንት በስንት ይሁን? በምንስ ይሠራ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሰፊ ቤት በመሥራት ነው። ውሻ ማደሪያውን የሚያሞቀው በራሱ ገላ ሙቀት ስለሆነ ቤቱ ቆሞ የሚገባበት፣ ዞሮ የሚተኛበት፣ እግሩን የሚዘረጋበት ያህል ብቻ መሆን አለበት። ለመካከለኛ ያገራችን ውሻ ሁለት ክንድ ርዝመት፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ስፋትና አንድ ክንድ ተኩል ከፍታ ይበቃል። በሜትር ሲነገር 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጀርመን እረኛና ለመሰሎቹ ትልልቅ ውሾች በእያንዳንዱ ጎን ስንዝር መጨመር ነው።

ሥሪቱ እንደ አካባቢው ይለያያል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ናት፤ ባቲ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ለደሴ፣ ለኩታበርና ለደላንታ የሚሠራ የውሻ ቤት ጠላቱ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ፣ የክረምቱ ጉምና የበልጉ ዝናብ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ከሳንቃ ሆኖ ክፍተቱ ይደፈን፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ጋት ተኩል ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ይቀመጥ፣ በሩም መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጎን ተጠግቶ ይቆረጥ፤ እንዲህ ሲሆን ውሻው ከበሩ በስተጎን ባለው ማዕዘን ከነፋስ ተሰውሮ ይተኛል። በሩ ወዴት ይዙር ለሚለው ጥያቄ የማንንም ምክር ከመጠየቅ በፊት ሁለት ሦስት ማታ የምድጃ ጭስ ወዴት እንደሚያዘነብል ማየት ነው፤ በሩ ጭሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

ለኮምቦልቻ፣ ለከሚሴና ለባቲ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ጣሪያም ግድግዳም የሆነበት የውሻ ቤት በቀትር ምጣድ ስለሚሆን፣ ውሻው ቤቱን ትቶ ከጋሪ ሥር ሲተኛ «አልለምድ አለ» ይባላል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ በላዩ ሣር ይክደን፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከልም አየር የሚያልፍበት የአራት ጣት ክፍተት ይተው። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋነኛነት በማለክለክ ነው፤ ለዚህም ውሃ ስለሚያስፈልገው ሳህኑ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በደጋም በቆላም ጣሪያው እንደ ሣጥን ክዳን የሚከፈት ቢሆን ለማጽዳት ይመቻል፤ ጎንበስ ብሎ በበሩ የሚጠርግ ሰው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ መጥረጉን ይተዋል።

ምን ይነጠፍለት? ቁንጫውንስ እንዴት ልከላከል?

በብርድ አገር ከብርድ ልብስ ይልቅ ጭድ ይሻላል። ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይቆይና ውሻውን መልሶ ያበርደዋል፤ የስንዴና የገብስ አገዳ ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ውሻውም ቆፍሮ ጎድጓዳ ሠርቶ ይተኛበታል። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ቢሆንም ብናኙ ብዙ ነው፤ ቶሎም ይረገጣል።

የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ላይ እየረገፈ የሚፈለፈለው በጉዝጓዙ ውስጥ ነው። በመሆኑም ውሻውን ብቻ አጥቦ ጉዝጓዙን መተው ትርፉ ድካም ነው። ጭዱን በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ማቃጠል፣ ቤቱን ከፍቶ ፀሐይ ማስመታት፣ ስንጥቁን በፈላ ውሃ ማጠብ ይገባል። ወይራ ማጠን ጠረኑን ያሳምረዋል፤ ይሁን እንጂ በስንጥቅ ውስጥ ተሸፍኖ የሚጠብቀውን ቁንጫ አይጨርሰውም። ለሰብል የተገዛ የተባይ መድኃኒት በውሻ ገላ ላይ መርጨት ውሻ ይገድላል። ይልሰዋልና። ለከብት የሚረጨውም ቢሆን መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ሳይነግር አይሞከር።

ቀን ቀን በሰንሰለት ባስረውስ?

ማሰር የግድ ከሆነ፣ አንድ ችካል ላይ ከተተከለ አጭር ሰንሰለት ይልቅ በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ጠንካራ ሽቦና በእሱ ላይ የሚንሸራተት ቀለበት ይሻላል። ከቀለበቱ ሁለት ሜትር ያህል ቀላል ሰንሰለት ይወርዳል፤ ውሻው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ሁለት ነገር አይዘንጉ፤ በሽቦው ጫፎች ላይ ቀለበቱ ምሰሶው ሳይደርስ የሚያቆመው ማገጃ ይኑር፣ ሰንሰለቱም በመካከሉ የሚሽከረከር ቀለበት ይኑረው፤ አለበለዚያ ተጠማዝዞ ያጥራል። አጥር አጠገብ አይሰር፤ ዘልሎ በማዶ የተንጠለጠለ ውሻ ሲነጋ ሞቶ ይገኛል።

ሌሊት ግን ውጭ ማሰር አይገባም። የታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣበት መሸሽም መዋጋትም አይችልም። በገደላማው አካባቢ ነብርም አለ። ሌሊት ወይ ተፈትቶ ግቢ ውስጥ ይዙር፣ ወይ ደግሞ በሩ በሚቆለፍ ማደሪያ ይግባ።

ባለ ሹል ብረት ቀበቶ ከጅብ ያድናል?

በቱርክ እረኞች ለካንጋል ውሾቻቸው እንዲህ ያለ የብረት ቀበቶ ያጠልቃሉ፤ ዓላማው ተኩላ ጉሮሮ እንዳይዝ ነው። እዚህም ለሞከረው ሰው አንገትን ይጠብቅ ይሆናል፤ ጅብ ግን አንገት ብቻ አይደለም የሚነክሰው፤ በአንድ ግቢ ከሌላ ውሻ ወይም ከሕፃናት ጋር ለሚውል ውሻም ሹሉ ለወዳጅ የሚተርፍ ነው። ገንዘቡን ለአጥሩ ባወጣው እመርጣለሁ።

የአፍ መከለያ መቼ ያስፈልጋል? የትኛውስ ይሻላል?

ወደ ክትባት ሲወሰድ፣ በገበያ ቀን በሕዝብ መካከል ሲያልፍና ሲቆስል ያስፈልጋል። ገር የሆነ ውሻም ሕመም ሲሰማው ጌታውን ይነክሳል። የሚመረጠው አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለው እንደ ቅርጫት የተሠራው ነው። አፍን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋው የጨርቅ መከለያ ለጥቂት ደቂቃ ለሐኪም ሥራ ብቻ ይሁን፤ በቆላ ፀሐይ አፉ ተዘግቶ የሚሄድ ውሻ በሙቀት ሊሞት ይችላል።

ቤታችን ይሰገድበታል፤ ውሻ ማሳደግ ብንፈልግ ዕቃውንና ማደሪያውን እንዴት እናድርግ?

በወሎ ይህ ጥያቄ በየሰፈሩ ይነሳል። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝ የተፈቀደ መሆኑ በሐዲስ የተነገረ ሲሆን፣ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን ስለመብላትም በቁርኣን አል-ማኢዳህ ምዕራፍ 4ኛው አንቀጽ ይናገራል። ጥንቃቄው ያለው በምራቁ ላይ ነው፤ በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ፈለግ) ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ዝርዝሩን ከሼኽዎ ይረዱ።

በዕቃ ምርጫ ረገድ ይህ ማለት የውሻው ሳህን ከቤቱ ዕቃ ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል ይሁን ማለት ነው። ከቤት ከወጣ አሮጌ ድስት ይልቅ ከድንጋይ የተፈለፈለ ወይም ከሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ ይሻላል፤ አይገለበጥም፣ ተሳስቶ ወደ ማጀት የሚያስገባውም ሰው አይኖርም። ማደሪያው ከውዱእ (ከስግደት በፊት መታጠቢያ) ቦታና ከልብስ ማስጫው ይራቅ። ገመድና ቀበቶው በግቢው በር አጠገብ የራሱ ማንጠልጠያ ይኑረው፤ ውሻውን የሚያለማምደው ሰውም ለዚሁ ብቻ የሚለብሰው ካፖርት ወይም ጋቢ ቢለይ ነገሩ ሁሉ ይቀልለታል። ይህ አሠራር ለክርስቲያኑም ጎረቤት ንጽሕና ነው። ውሻ የእርድ ውስጠ ዕቃ በጥሬው ሲበላ የሚይዘው የኮሶ ዓይነት ትል እንቁላል በሰገራው ወጥቶ ለሰው ይተላለፋልና።

የኤሌክትሪክ ቀበቶ ልግዛለት?

ለጀማሪ መልሴ አይሆንም ነው። ቀበቶው በርቀት መቆጣጠሪያ ሲጫኑት በአንገቱ ላይ ንዝረት ወይም የኤሌክትሪክ ንክሻ የሚሰጥ ነው። ችግሩ ውሻ ሕመሙን የሚያያይዘው ሰው ካሰበው ጥፋት ጋር ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ካየው ነገር ጋር መሆኑ ነው፤ ጥንቸል ሲያባርር የተነዘረ ውሻ በዚያው ሰዓት አጠገቡ ያለፈውን ሕፃን ወይም በግ የሕመሙ ምንጭ አድርጎ ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ይሸሸዋል ወይም ይነክሰዋል። ዌልስ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሕግ ከልክላዋለች፤ ጀርመንም አትፈቅደውም።

ቀድሞ የገዛ ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠብቅ፦ ቀበቶውን በራሱ ክንድ ላይ ሞክሮ የንክሻውን መጠን ይወቅ፤ በንዝረቱ ወይም በድምፁ ብቻ ይጠቀም፤ የብረት ጫፎቹም ቆዳ ስለሚያቆስሉ ውሎና አዳር አያስርበት። ውሻው በረጅም ገመድ «ና» ሲባል ካልመጣ ግን በኤሌክትሪክም አያስተውልም።

ውሻዬ እየራቀ ይጠፋብኛል፤ የጂፒኤስ ቀበቶ በእኛ አገር ይሠራል?

ቦታውን ከሳተላይት ማወቁ በየትም ይሠራል፤ ጥያቄው ያወቀውን እንዴት ወደ እጅዎ ይልካል የሚለው ነው። አንዱ ዓይነት ሲም ካርድ ይዞ በስልክ ኔትወርክ ይልካል፤ ኔትወርክ በማይደርስበት በበሽሎ ሸለቆ ውስጥ ዝም ይላል። ሌላው በራሱ አንቴና በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በሜዳ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢሄድም ተራራ መካከል ሲገባ ይቆረጣል። የሬዲዮ መሣሪያ ከውጭ ሲገባ ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችልም ከመግዛት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። ባትሪው ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በየቀኑ መሞላቱ አስተማማኝ አይደለም።

ለአብዛኛው ሰው ቃጭል ይበቃል። ነገሩ የድህነት ምክር አይደለም፤ በጣሊያንና በፈረንሳይ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ወፍ በሚፈልጉ ውሾች አንገት ላይ ቃጭል ማንጠልጠል የቆየ ልማድ ነው። እዚያ ቃጭሉ ዝም ሲል ውሻው ወፏን አግኝቶ ቆሟል ማለት ነው። እዚህ ዝም ሲል ደግሞ አንድም ተኝቷል፣ አንድም የሰው ግቢ ገብቶ እየበላ ነው። ቃጭሉ ለበግ ከሚንጠለጠለው ያነሰና ድምፁ የተለየ ይሁን፤ ማታ ማታም ይውለቅ፤ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮው ሥር የሚያቃጭል ውሻ ሌላ ድምፅ መስማት አይችልም።

ውሻዬን አሠልጥኜ ለአደን ማሰማራት እችላለሁ?

ያለ ፈቃድ አይቻልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል፤ ሚዳቋም ሆነ ድኩላ «በውሻ ነው የተያዘው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ከላይ የተዘረዘሩት ዕቃዎች ሁሉ በሕጋዊ መንገድ የሚያገለግሉት ለጥበቃ፣ ለፍለጋና ለማምጣት ልምምድ፣ እንዲሁም ከማሳ ለማባረር ነው። ማባረርና መግደል የተለያዩ ስለሆኑ ውሻው ከማሳው ወሰን ላይ በፊሽካ ተጠርቶ መመለስን መማር አለበት። ረጅሙ ገመድና ፊሽካው ያስፈልጋሉ የተባለውም ለዚህ ነው። የዱር እንስሳ በማሳው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከአቅም በላይ ከሆነ በወረዳው ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው።

በደላንታ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በቦረና ሳይንት ከፍታ ለሚኖር ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለ። እዚያ ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የሌለው ቀይ ቀበሮ ይገኛል፤ በአገሪቱ በሙሉ የቀረው ወደ 500 የሚጠጋ ብቻ ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ከአደን ይልቅ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ በከፍታው ሜዳ ላይ ውሻ በገመድ ይሂድ፣ ከሦስት ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዶ በየዓመቱ ይደገምለት። በቀበቶውም ላይ የባለቤቱ ስልክ ቁጥርና የተከተበበት ዓመት የተቀረጸበት ትንሽ የናስ ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይብሰመር፤ ተንጠልጣይ ሰሌዳ ቁጥቋጦ ይነጥቀዋል፣ ቀበቶው ላይ ተኝቶ የተመታው ግን ይቆያል።